አረፋን ከረቂቅ የደም ቦይ ስለማስወጣት፦ ከባሕር ዳር የልምድ ማካፈያ

ሰሞኑን የበሬ ደም 50 ማይክሮሜትር (0.05 ሚሊሜትር) ስፋት ባለው የሲሊኮን ቦይ ውስጥ ያለ አንዳች የአየር አረፋ ሲፈስ ስላየሁ፣ ደምን በረቂቅ ቦይ በማሳለፍ ሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ልምዴን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ስለ ሻጋታ አሠራርና ስለ ሲሊኮን አጋገር ብዙ ስለተባለ አልመለስበትም። ደሙን በማለዳ ከቄራ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሶዲየም ሲትሬት በተጨመረበት ዕቃ እቀበላለሁ። የበሬ ቀይ የደም ሕዋስ 5.5 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን የሰው ግን ወደ 8 ይጠጋል፤ የበሬው ሕዋስ እንደ ሳንቲም እየተደራረበ የመያያዝ ጠባዩም እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ በበሬ ደም ተሞክሮ ስለ ሰው ደም የሚደመድም ጽሑፍ አያሳምነኝም።

ዋናው ፈተና አረፋው ነው። ቦዩ ለሁለት በሚከፈልበት ማዕዘን ላይ አንዲት አረፋ ከተቀመጠች ፍሰቱ ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ ይሸሻል፤ ሕዋሳቱ ከኋላዋ ይከማቻሉ፤ በግድግዳው ዳር የሚታየው ሕዋስ አልባ ጥርት ያለ መስመርም ይጠፋል። ተመራማሪዎቹ ፋሬውስና ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳሳዩት ከ0.3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ቱቦ እየጠበበ ሲሄድ የደሙ ዝልግልግነት ይቀንሳል፤ ለዚህም አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው መስመር ስለሆነ፣ እርሱ ከጠፋ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ቦዩ የሚታጠብበት የጨው ውሃ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ በማይክሮስኮፑ መብራት ሲሞቅ የሟሟው አየር ይወጣል፤ ስለዚህ ፈሳሹን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ከዚያም የሲሪንጁን አፍ በጣት ደፍኖ ዘንጉን በመሳብ አየሩን ማስወጣት ይገባል። ቦዩን በመጀመሪያ በአልኮል ማርጠብም ይረዳል፤ ሆኖም አልኮል ቀይ ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ደሙ ከመግባቱ በፊት በጨው ውሃ በደንብ መታጠብ አለበት። ከሁሉ የምወደው ዘዴ ግን መውጫውን ዘግቶ ፈሳሹን በቀስታ መግፋት ነው፤ ሲሊኮን ጋዝ ስለሚያሳልፍ የታፈነው አየር በግድግዳው በኩል ይወጣል። ሲሊኮን ለሰው ሠራሽ ሳንባ የተመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሐኪሞቹ ዲዎልና ሊለሂ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠሩት ሰው ሠራሽ ሳንባ ኦክስጅንን በአረፋ መልክ በቀጥታ ደሙ ውስጥ ስለሚለቅ አረፋውን መልሶ የማስወገድ ጣጣ ነበረበት፤ በደሙና በጋዙ መካከል ስስ ገለፈት ሲገባ ይህ ቀረ።

የሲሪንጁን ዘንግ በሞተር የሚገፋውን የሲሪንጅ ፓምፕ እንደ ግዴታ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በዝቅተኛ ፍሰት ሞተሩ ደሙን እያንገጫገጨ ስለሚገፋው የደሙን ዕቃ ከቦዩ ከፍ አድርጎ መስቀልን እመርጣለሁ፤ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ 1 ኪሎፓስካል ገደማ ይሰጣል። እርግጥ ነው፣ በዚህ መንገድ የሚታወቀው ግፊቱ እንጂ የፍሰቱ መጠን አይደለም፤ የሚወጣውን ደም በሚዛን መመዘን አሰልቺ ቢሆንም እስካሁን የተሻለ አላገኘሁም።

ቀጣዩ ሥራ በሲሊኮኑ ግድግዳ በኩል ወደ ደሙ የሚገባውን ኦክስጅን መለካት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በክፍት አየር የምትሞክሩ ሁሉ በሌላ አገር የተለካውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ።