ትዕዛዝ ሳይመጣ ምንም አልገዛም፦ የኦንላይን ሱቄን በትንሽ ወጪ የከፈትኩበት መንገድ

የቆዳ ቦርሳ እሰራለሁ። የኪስ ቦርሳ፣ ቀበቶና የቁልፍ መያዣም አለ። ሰራተኛውም፣ ሻጩም፣ ሂሳብ ያዡም እኔው ነኝ። የኦንላይን ሱቅ ለመክፈት ስነሳ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ትዕዛዝ ሳያስገድደኝ ለምንም ነገር አልከፍልም።

ስለዚህ በዋትስአፕ ቢዝነስ ጀመርኩ። በነጻ የሚገኝ መተግበሪያ ነው። ካታሎግ የሚባል ክፍል አለው፤ የዕቃውን ፎቶ፣ ዋጋና አጭር መግለጫ ታስገቡና ሊንኩን ለፈለጋችሁት ሰው ትልካላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ከሱቅ አይቆጥረውም። እኔ ግን የትኛው ዕቃ እንደሚሄድና የትኛው ተቀምጦ እንደሚቀር ያወቅኩት በሱ ነው። ሰው ምን እንደሚጠይቅም ያየሁት እዚያው ነው። «ላፕቶፕ ይገባበታል?» «ቀለሙ ልብስ ላይ ይለቃል?» «ማንገቻው ይረዝማል?» ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ እየጻፍኩ አጠራቀምኳቸው። በኋላ ድረ ገጹ ላይ የዕቃ መግለጫ ብዬ ያስገባሁት የነሱን መልስ ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍልኝ ሰው የሚከፈል ገንዘብ በዚህ ቀረ።

ትዕዛዙ በዛ ሲልና በቻት መሃል መጥፋት ሲጀምር ጉግል ፎርም አዘጋጀሁ። እሱም ነጻ ነው፤ የተሞላው ሁሉ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ይመጣል። የማይሰራው ነገር ክፍያ መቀበልና ዕቃ ሲሸጥ ከስቶክ (ካለኝ ዕቃ ብዛት) ላይ መቀነስ ነው። አንድ ብቻ የቀረችውን ቦርሳ ሁለት ሰዎች ሲያዙኝ፣ አሁንስ እውነተኛ ሱቅ ያስፈልገኛል አልኩ።

ምርጫው ሶስት ነበር። አንደኛው እንደ ኤትሲ ያለ፣ ብዙ ሻጮች የሚሸጡበት የኦንላይን ገበያ ውስጥ መግባት ነው። ገዢው አስቀድሞ እዚያ አለ፤ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። በምላሹ ኤትሲ ለአንድ ዕቃ መለጠፊያ 0.20 ዶላር ይወስዳል፤ ሲሸጥ ደግሞ ማድረሻውን ጨምሮ ከጠቅላላው 6.5 በመቶ ይቆርጣል። የክፍያ ማስተናገጃው ለብቻ ነው። ሁለተኛው ሾፒፋይ ነው፤ የተዘጋጀ የኦንላይን ሱቅ የሚያከራይ አገልግሎት። ሸጣችሁም አልሸጣችሁም በየወሩ የሚከፈል፣ እንደ ቤት ኪራይ ማለት ነው። ሶስተኛው በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መስሪያ ሶፍትዌር) ላይ የሚጫነውና ድረ ገጹን ሱቅ የሚያደርገው ዉኮሜርስ ነው። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ የምትከፍሉት ለዶሜይን (ለድረ ገጹ አድራሻ) እና ለሆስቲንግ (ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት ሰርቨር) ነው።

እኔ ዉኮሜርስን መረጥኩ። ሽያጬ ወጣ ገባ ስለሚል፣ በቀዘቀዘ ወር የወርሃዊ ክፍያ ጭንቀት አልፈለግኩም። ሁሉም ሰው እንዲህ ያድርግ ግን አልልም። ዉኮሜርስን የሚያድሰው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለቤቱ ነው። ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ የሚያንገሸግሸው ሰው ሾፒፋይ ቢገባ በመጨረሻ ይረክስለታል። የራሳችን ሰዓትም ገንዘብ ነው፤ ይሄን ሂሳብ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

ሆስቲንግና ዶሜይን ስትገዙ በትልቁ የተጻፈውን ዋጋ እለፉት። እሱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጊዜ ቅናሽ ነው። የእድሳቱን ዋጋ ፈልጋችሁ አወዳድሩ። ዶሜይኑ ደግሞ በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ ድረ ገጹን ሌላ ሰው ቢሰራላችሁም እንኳ። ክፍያ ገጹ ላይ ስደርስ የደህንነት ሰርተፍኬት (በገዢውና በድረ ገጹ መሃል የሚያልፈውን መረጃ የሚያመሰጥር) ካልገዛህ የሚል ጉትጎታ መጣ። አልገዛሁም። ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፤ ብዙ ሆስቲንጎችም በአንድ ክሊክ ይጭኑታል። ለገጽታው ስቶርፍሮንት የሚባለውን የዉኮሜርስ ነጻ ቴም (የተዘጋጀ የገጽ ንድፍ) ተጠቀምኩ። አያስደምምም። ግን ፈጣን ነው፤ ገዢው ደግሞ የሚያየው ቦርሳውን ነው።

ፎቶውን በስልክ አነሳሁ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ፣ ከስር ነጭ ካርቶን። አንዱ ፎቶ ላይ ሁልጊዜ መጽሐፍ ወይም ስልክ አጠገቡ አስቀምጣለሁ፤ መጠኑ በሴንቲሜትር ቢጻፍም ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው። ከዚያ ፎቶዎቹን አሳንሼ ዌብፒ ወደሚባለው፣ ትንሽ ቦታ ወደሚይዝ የፎቶ ፋይል ዓይነት እቀይራለሁ። ከስልክ የወጣ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይሆናል፤ እንዳለ ከተጫነ ገጹን ያንቀራፍፈዋል።

ክፍያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትርፍ ሳይታይ የሚያልቀው እዚህ ነው። የካርድ ቁጥር ራሴ አልቀበልም። ገዢው ወደ ክፍያ አገልግሎት ሰጪው ገጽ ሄዶ ይከፍላል፤ የካርድ መረጃ የመጠበቅ ጣጣው ዋናው ክፍል የእነሱ ነው። ክፍያቸው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፦ በመቶኛ የሚሰላና በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የሚጣል ቋሚ መጠን። 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው እንበል። የ50 ዶላር ቦርሳ ስሸጥ 1.75 ዶላር ይሄዳል፤ 3.5 በመቶ መሆኑ ነው። የ5 ዶላር ቁልፍ መያዣ ስሸጥ ግን ወደ 45 ሳንቲም ይቆረጣል። 9 በመቶ ገደማ! ይሄን ሳሰላ ቁልፍ መያዣውን ለብቻው መሸጥ አቆምኩ። አሁን በሶስት በሶስት ይሸጣል፣ ወይም ከቦርሳ ጋር ይታዘዛል።

ማድረሻውን በተመለከተ፣ የኦንላይን ግዢን የሚያጠናው ባይማርድ ኢንስቲትዩት ካሰባሰባቸው ጥናቶች እንደሚታየው፣ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ከከተቱ ሰዎች በአማካይ 70 በመቶ ያህሉ ሳይገዙ ይወጣሉ። ዝም ብለው ከሚቃኙት ውጭ፣ ዋናው ምክንያት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ተጨማሪ ወጪ ነው። ስለዚህ የማድረሻ ዋጋዬ ከዕቃው ዋጋ ስር፣ ገና ከመጀመሪያው ይታያል። ምርጫ ሳላበዛ ሁለት ተመን ብቻ አለኝ፦ ትንሽ ዕቃና ትልቅ ዕቃ።

ለማስታወቂያ እስካሁን አልከፈልኩም። ገዢው ፈቃደኛ ከሆነ ኢሜይሉን እወስዳለሁ፤ አዲስ ስራ ሲወጣ አጠር ያለ መልዕክት እልካለሁ። በብዛት ተመልሰው የሚገዙኝ እነዚህ ናቸው።

አሁን የሆስቲንጉ እድሳት እየደረሰ ነው፤ ዋጋውም እንደተጠበቀው ከፍ ብሏል። ሌላ ቦታ እያጠያየቅኩ ነው። ዶሜይኑ በስሜ ነው፤ የሱቁ ሙሉ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) በየሳምንቱ ኮምፒውተሬ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የሚሻል ዋጋ ካገኘሁ ነቅዬ እሄዳለሁ።