ልጅ ሲመጣ ትዳሩ ውስጥ የሚቀንሰው ምንድን ነው?

«ልጅ ደስታ ያመጣል ወይስ ይወስዳል?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል፤ ለልጅ ያለን ፍቅርና ከትዳር አጋር ጋር ያለን ኑሮ። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንደሚያሳየው፣ በትዳራቸው በጣም የረኩት ጨቅላ ካላቸው ሴቶች 38 በመቶ፣ ልጅ ከሌላቸው ደግሞ 62 በመቶ ናቸው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ 218 ጥንዶችን ለ8 ዓመት የተከታተለ ጥናት ልጅ ያልወለዱትም እርካታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእነሱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ የወላጆቹ ግን ከወሊድ በኋላ ድንገት።

ለምን ድንገት? አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ተራ ጥያቄን እንደ ወቀሳ ይሰማል። ስለዚህ ከመውለዳችሁ በፊት ሌሊቱን ተካፈሉ፦ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አንዳችሁ፣ ከዚያ እስከ ንጋት ሌላችሁ ተኙ። እናትየው የምታጠባ ከሆነ፣ በእሷ የእንቅልፍ ሰዓት አባት ሕፃኑን አምጥቶ ያስጠባ፣ ግሳቱን አስወጥቶ፣ ጨርቁን ቀይሮ ያስተኛ። እሷ ከአልጋ አትውረድ።

ከእንቅልፍ ቀጥሎ ትዳርን የሚያሻክረው «እረዳሻለሁ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። የሚረዳ ሰው እስኪታዘዝ ይጠብቃል፤ የማስታወሱ ሸክም ግን እዚያው ይቀራል። ሥራውን ከነሐሳቡ አስረክቡ። ክትባትን የያዘ ሰው ቀጠሮውን ያስታውሳል፣ ካርዱን ይይዛል፣ ማታ ትኩሳቱንም ይከታተላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አስረክበው ሲያበቁ «እንዲህ አይደለም የሚታሰረው» እያሉ መልሰው ሲወስዱት ነው። ጨርቁ ጠማማ ቢታሰርም ሕፃኑ ደኅና ከሆነ ዝም ማለት ይሻላል።

ገንዘብም አለ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ አውሮፓውያን በተካተቱበት ጥናት፣ የገንዘብ ችግር ከስሌቱ ሲነጠል ልጆች ደስታን የሚጨምሩ ሆነው ተገኝተዋል። ያለ ደመወዝ የምታሳልፏቸውን ወራት አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

አንድ ነገር ግን በሥራ ክፍፍል አይፈታም። ከወሊድ በኋላ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ማጣት ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ የትዳር ጠብ አድርጋችሁ አትዩት፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን።