97 ሰው መጥቶ 121 ፊርማ የተገኘበት ስብሰባ

ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አባሎቻችን 214 ነበሩ። አብዛኞቹ ቀፊራና ታይዋን በሚባሉት የከተማችን ገበያዎች የሚነግዱ ሴቶች ናቸው። የባጃጅ ሾፌሮችና ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞችም አሉ። ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበሩ የበላይ አካል እንደሆነ ሥልጠና ላይ ተነግሮኛል። እንዴት እንደሚበላሽ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ዝግጅቱ አላስቸገረንም። ሰኔ 30 ሒሳብ ዘጋን፣ ኦዲት ተደረግን፣ ኮሚቴው አጀንዳ ያዘ። ደንባችን እንደሚለው ከ15 ቀን በፊት ማስታወቂያ ለጠፍን። አዳራሽ ለምነን አገኘን፣ ውሃ ገዛን።

ዋናው አጀንዳ የብድር ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ነበር። ጣሪያው ደንቡ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ደንቡ ካልተሻሻለ አንድ ብር መጨመር አይቻልም። በእኛ ደንብ ስብሰባ የሚጸናው ከግማሽ በላይ አባል ሲገኝ ነው። ለእኛ 108 ሰው ማለት ነው። ደንብ ለማሻሻል ደግሞ ከተገኙት ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለበት። በሌላ ሰው ስም ድምፅ መስጠት ክልክል ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ጠራን። ቅዳሜ ሌሊቱን ዘነበ። ከተማችንን የማያውቅ ሰው ዝናብና ስብሰባ ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል። ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ አይረሳም። ከላይ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ልጆቹን ጥሎ የትም አይሄድም። እኔ ይህን እያወቅኩ ነሐሴን መረጥኩ።

4 ሰዓት ላይ ስንቆጥር ሰማንያ ሰው አልሞላንም። 4 ሰዓት ተኩል ላይ 97 ደረስን። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጠፋ። አዳራሹ መጋል ጀመረ። ከኋላ አንዷ ተነሥታ «አቦ፣ ጀምሩና ጨርሱ! ገበያ አለብን» አለች። ሌሎችም ቦርሳቸውን ማንሣት ጀመሩ።

የስም መቆጣጠሪያው እኔ ጋ ነበር። አንድ ሰው መጣና «ባለቤቴ ወልዳ ተኝታለች፣ እኔ ልፈርምላት» አለኝ። አራስ ናት ብዬ ፈቀድኩ። ከእሱ ቀጥሎ አንዷ ለእህቷ፣ ሌላው ለጎረቤቱ ፈረመ። ወረቀቱ አዳራሹን ዞሮ ሲመለስ 121 ፊርማ ነበረበት። ተነሥቼ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ብዬ በራሴ አፍ አነበብኩ። ደንቡን ያረቀቅነው እኛው ነን፣ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ሰው እንዳይበተንብኝ ብዬ ነው ያደረግኩት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ከሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የተላከው ባለሙያ ከጎኔ ተቀምጧል። ወረቀቱ ሲዞር እያየ ነው። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲያልቅ ንግግር አደረገ፣ «ጥሩ ጉባኤ ነበር» ብሎ አመስግኖን ሄደ።

ቃለ ጉባኤውን እንዲያጸድቁት ለጽሕፈት ቤቱ አስገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተጠራሁ። የጠራኝ ያው ሰው ነው። «ፊርማዎቹን ከአባላት መዝገብ ጋር አስተያየን፤ 24ቱ አይገጥሙም። የደንብ ማሻሻያው ተቀባይነት የለውም» አለኝ።

«እርስዎ እዚያው ነበሩ እኮ። ለምን ዝም አሉ?» አልኩት።

«እኔ የተገኘሁት በታዛቢነት ነው።»

ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግን ያን ዕለት «ሰው አልሞላም፣ ሌላ ቀን ጥሩ» ቢል ምን ይጎዳው ነበር? ሁለተኛውን ጥሪ በዚያው ሳምንት እናወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደገና መጥራት እንችላለን የሚል ደብዳቤ ለመቀበል አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንድ ቀን ማኅተም የያዘችው ልጅ የለችም። ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ፣ በዚያ ፀሐይ።

በዚህ መሐል የተጎዱት ሌላ ሰው ናቸው። ቀፊራ አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናት ሱቅ ሊከራዩ ነበር። አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቃቸው። የድሮው ጣሪያችን ለዚያ አይበቃም። «ውሳኔው አልፏል፣ ከመስከረም በፊት ያገኛሉ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። መስከረም ሲጠባ አራጣ ተበደሩ።

ሁለተኛውን ጥሪ ጥቅምት ላይ አደረግነው፤ ዝናቡ አልፏል። ባለሙያው የሥራ ቀን ከሰዓት አድርጉት ብሎን ነበር። እንዳትሰሙ። ከሰዓት ድሬ ላይ ሰውን የሚሰበስበው ሙቀቱና የጫት በርጫው ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የተሻለ ሰዓት አላገኘሁም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ በቂ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ለጥፉ፣ ለፋይሉ ያስፈልጋል። ሰው የሚመጣው ግን ሲደወልለትና መደቡ ድረስ ሲኬድለት ነው። ሦስት ሆነን ገበያውን ተከፋፍለን ዞርን።

በር ላይ ራሴ ቆምኩ። የቁጠባ ደብተሩን የያዘ አባል ብቻ ይገባል፤ ደብተሩን አይቼ ካርድ እሰጠዋለሁ። ድምፅ የሚሰጠው ካርዱን በማንሣት ነው። ባሎች ተቆጡ። አንዱ «ሰው አታምኚም?» አለኝ። ከበር መለስኩት።

ሪፖርት ይቅደም ይባላል። እኔ ድምፁን አስቀደምኩ፣ ምክንያቱም ነጋዴ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥም። በመጀመሪያው ስብሰባ 14 ገጽ በአማርኛ ብቻ አንብቤ ግማሹ ሰው እርስ በርሱ ሲያወራ ነበር። አሁን አንድ ገጽ አደረግኩት፤ ሁለት አባላት በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተረጎሙት። የጥያቄው ብዛት አስደነቀኝ። ለካ ዝም ይሉ የነበሩት ስላልገባቸው ነው። በማኅበሩ ብዙ ዕጣ (አክሲዮን) ያላቸው አንድ ነጋዴ የእኔ ድምፅ ከሌላው እኩል መሆን የለበትም ብለው ተነሡ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ይዤ ነበር። የዕጣው ብዛት ምንም ይሁን አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። አነበብኩላቸው፣ ተቀመጡ። አዋጁን ሳትይዙ አትግቡ።

131 ካርድ ሰጠሁ፤ 112ቱ ለማሻሻያው ተነሡ። ቃለ ጉባኤው በአሥር ቀን ጸደቀ።

እኚያ እናት በጊዜ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ካርዳቸውን ሲያነሡ አየኋቸው። ሲወጡ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቀረብኩ። «ተዪው የኔ ልጅ» አሉኝ። አራጣውን ከፍለው የጨረሱት ጥር ላይ ነው።