የፀሐይን መዞር በእርሳስና በወረቀት ለካሁት

ፀሐይ በራሷ ዛቢያ እንደምትዞር ተማሪ ቤት ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ባለፈው ህዳር ግን ራሴ ላየው አማረኝ። በቀጥታ ማየትማ አይሞከርም፤ ፀሐይን በባይኖኩላር ያየ ዓይኑን ያጣል። አሮጌ ባይኖኩላሬን በረንዳ ላይ ከወንበር ጋር አሰርኩት፣ አንዱን ዓይኑን ደፈንኩ፣ ከሌላኛው የሚወጣው ብርሃን ከአንድ ሜትር ትንሽ ራቅ ብሎ ነጭ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ፀሐይ! መሀሏ ላይ ጤፍ የመሰሉ ጥቁር ነጥቦች ተጠጋግተዋል፤ የፀሐይ ገጽ ላይ ያሉ ስለሆኑ አብረዋት ይዞራሉ። በዚህ መጠን አንዷ ጤፍ መሬታችንን ታክላለች።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሰዓት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ነጥቦቹን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ሳልኩ፣ በማግስቱ ከሰዓት 9 ሰዓት። ነጥቦቹ ያለ ቦታቸው ተገኙ። ለካ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሻገር ምስሏም ወረቀቱ ላይ ይጋደማል። ከዚያ ወዲህ ሁሌም 3 ሰዓት ላይ ብቻ።

ዋናው ጉድ ስሌቱ ላይ መጣ። ትልቋ ነጥብ ከመሀል ተነስታ በ4 ቀን 40 ሚሊሜትር ሄደች። በቀን 10 ሚሊሜትር፣ ክቡን ለማቋረጥ 10 ቀን፣ ሙሉ ዙር 20 ቀን ብዬ ደመደምኩ፤ ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬም ደወልኩ። በሚቀጥሉት 2 ቀናት ግን ነጥቧ 9 ሚሊሜትር ብቻ ተንፏቀቀች። ደከማት እንዴ? ፀሐይ ሳህን ሳትሆን ኳስ መሆኗን ረስቼ ነው! ጠርዝ ላይ ነጥቧ ወደ ኋላ እየታጠፈች ስለምትሄድ ያው ፍጥነት ዘገምተኛ ይመስላል። በሚሊሜትር ፈንታ በዲግሪ ስሠራው በ4 ቀን 53 ዲግሪ ሆነ፤ ሙሉ ዙሩ 27 ቀን።

መጽሐፉ ግን 25 ይላል። እዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ራሴን ፈተሽኩ። መልሱ ከእግሬ ሥር ነበር፦ መሬትም ፀሐይን በዚያው አቅጣጫ በቀን 1 ዲግሪ ገደማ ትዞራለች፣ ነጥቧም እኛን ለመድረስ ትርፍ መንገድ ትሄዳለች። ያንን 1 ዲግሪ ስጨምር 25 ቀን ተኩል እንኳ አልሞላም። ይህም ለወገቧ አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ጠጣር ስላልሆነች ዋልታዎቿ ጋ አንድ ዙር 35 ቀን ገደማ ይፈጃል።

በ27ኛው ቀን ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። እዚያው አካባቢ አንዲት የደበዘዘች ነጥብ አለች። እሷው ናት ብዬ ግን አልምልም።