ማሳውን አየኸው?

የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኜ ስይዘው ይሠራል። ስለቀው ይሞታል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከዚያ ጄኔሬተር ጋር የተፋጠጥኩት በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ጎላ ሚካኤል አካባቢ ግቢ አለው። ግቢው ውስጥ በፈረንጆቹ 1978 የተሠራ የአሜሪካ ሞተርሆም ቆሟል። አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ ያለው፣ ቤት የሚያህል መኪና ነው። አገር ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ ነው የሸጠለት። አይነዳም፤ ልንነዳውም አላሰብንም። ሐሳባችን ቡና መሸጫ ልናደርገው ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጎኑ ላይ በተገጠመው ባለ 4 ኪሎዋት የቤንዚን ጄኔሬተር እንሠራለን አልን። ጄኔሬተሩ ስንት ዓመት ሳይነሳ እንደቆመ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቢሮ ነው የምሠራው። ያለኝ አንድ ቴስተር፣ ሁለት ካቻቢቴና ያልተመጣጠነ ድፍረት ነው።

አሮጌውን ቤንዚን ደፋሁ፣ ካርቡራቶሩን አጠብኩ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ። ተነሳ። ጣቴን ከቁልፉ ሳነሳ ጠፋ። ዘይት ይሆናል ብዬ ዘይቱን ቀየርኩ፤ የዘይት ግፊት ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋውንም ስዊች ፈተሽኩ። ጤነኛ ነው። ፊውዞቹም ደህና ናቸው። አንድ ባለሙያ ጠራሁ። ገና ክዳኑን ሳይከፍት «የጄኔሬተሩ የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል፤ ይፈታና እንደ አዲስ ይጠቀለል» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ቡና መሸጡ ቀረብኝ። ሌላው «ካርዱ ነው» አለ፤ ሞተሩን የሚያስነሳውንና የሚያጠፋውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ማለቱ ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች አካለልኩ። የዚያን ካርድ ፎቶ ሳሳያቸው የሳቁብኝም ነበሩ።

በመጨረሻ አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠሩ አንድ አዛውንት ይዞ መጣ። ቁጭ ብለው ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ሁለት ጊዜ አዳመጡ።

«ማሳውን አየኸው?» አሉኝ። የእርሻውን አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር ነው።

«አዎ ጋሼ። በቴስተር ለካሁት። ጮኸ።»

«መጮህማ አንዲት ክር ሽቦም ትጮሃለች» አሉ። «ሸክም አሸክመህ ነው መለካት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሦስቱ ቅዳሜዎች የተማርኩት ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቴስተሩ ድምፅ የሚያሰማው በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ስለተመለሰለት ነው። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ሲዞር ከመቶ አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል። ዝገት የበላው ገመድ ለመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ቴስተሩን ቮልት ላይ አደረግነው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የጄኔሬተሩ ብረት ላይ አስነክተን፣ «አሁን አስነሳ!» አሉኝ። ማሳው ንጹህ ቢሆን ንባቡ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። እሳቸው ግማሽ ቮልትም ብዙ ነው ይላሉ። እኛ ያነበብነው 2.7 ነበር። ሳይነሳ 12.6 የነበረው ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ወደ 10.9 ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ ማሳው 2.7 ይበላል። ለጄኔሬተሩ የሚደርሰው 8 ቮልት ግድም ብቻ ነው። ያን ያህል ቀን የፖዘቲቩን ገመድ ስከታተል የኔጌቲቩ መመለሻ ትዝም አላለኝ።

ተኝቼ ከሥር ገባሁ። ገመዱ ሻንሲው ላይ የታሰረበት ቡሎን ቀለም ተቀብቶበታል። ከቀለሙ ሥር ደግሞ ዝገት። ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ከሶማሌ ተራ ወፍራም ገመድና አዲስ ካፖኮርዳ (የገመዱ ጫፍ ማሰሪያ) ገዝቼ ከባትሪው ቀጥታ ወደ ጄኔሬተሩ ብረት ወሰድኩት። ካጠበቅሁ በኋላ ላዩን ግሪስ ቀባሁት። ደግመን ለካን፤ 0.2። ሞተሪኖው ሌላ ሞተር የተገጠመ ይመስል ፈጠነ።

ቁልፉን ለቀቅሁት። ጠፋ።

አዛውንቱ አልደነገጡም። እንዲህ አስረዱኝ። ቁልፉን እስከያዝክ ድረስ የካንዴላውን ብልጭታ ለሚፈጥረው ቦቢና እሳት የሚሰጠው ባትሪው ነው። ስትለቅ ካርዱ ጄኔሬተሩን «መብራት እያመነጨህ ነው?» ይለዋል። እያመነጨ ከሆነ ሞተሩ ይቀጥላል፤ ካልሆነ እሳቱ ይቋረጣል። በውስጡ የሚዞረው ጥቅልል ማግኔት የሚሆነው በካርቦኖቹ በኩል ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ነው። ካርቦኖቹ የሚነኩት የመዳብ ቀለበት ከቆሸሸ ማግኔት የለም፤ መብራትም የለም።

ኋላውን ከፈትን። ቀለበቶቹ ጠቁረዋል። በካርቦኖቹ በኩል ስንለካ ቴስተሩ ጭራሽ መንገድ የለም አለ። በቀጥታ ቀለበቶቹ ላይ ስንለካ ግን ሃያ ምናምን ኦም አነበበ። ከቀለበቶቹ ወደ ዘንጉ ደግሞ ምንም አያፈስም። «ጥቅልልህ በሕይወት አለ» አሉኝ። ክዳን ሳይከፍት የፈረደበትን ባለሙያ አስታወስኩ፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። ቀለበቶቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዳናቸው። ጥቁሩን የብረት ሸራ ወረቀት ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ፤ የዚያ ዱቄት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እዚያ ቦታ አይገባም። ካርቦኖቹ ቦታቸው ላይ ተጣብቀው ነበርና እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ አደረግናቸው።

አስነሳሁ። ለቀቅሁ። ቀጠለ። 121 ቮልት።

ደስታው ገና ሳይበርድ ውስጥ ገብቼ መብራቱን ባበራው እምቢ አለ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ምንም የለም። ሌላ ግማሽ ቀን እዚያ ላይ አለቀ። ጉዱን ያወጣው ዘበኛችን ነው። ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለውን ወፍራም ጥቁር ገመድ እያሳየኝ፣ «ይሄስ የት ነው የሚሰካው?» አለ። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሶኬት ነበረ፤ የጄኔሬተሩ መውጫ ነው። የዚያ ዘመን ሞተርሆሞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ያው አንዱ ገመድ ወይ ከውጭ መብራት ትሰካዋለህ፣ ወይ ከጄኔሬተሩ። ሁለቱ በአንድ ላይ እንዳይገናኙ ብልሃቱ ይኸው ነው። ሰካሁት፤ በራ።

ዘበኛችን ቀደም ብሎ ያንኑ ገመድ በኤክስቴንሽን ከቤት ሶኬት ሊያገናኝልኝ ፈልጎ ነበር። እንኳን ከለከልኩት። የመኪናው ዕቃ ሁሉ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ቢገባበት ፍሪጁም ቻርጀሩም ይነዱ ነበር። የሽቦዎቹ ቀለምም ያሳስታል። መኪና ላይ ጥቁር ሽቦ ማሳ ነው ብሎ የለመደ ሰው ይጠንቀቅ፤ በአሜሪካ የቤት መስመር ጥቁሩ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ፌዝ ነው፣ ነጩ መመለሻው ኒውትራል። ግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው እንደዚያ ነው።

ቡና መፍጫችን የ220 ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምናሠራው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ 60 ኸርዙን 50 አያደርገውም፤ እስካሁን መፍጫው አልተቀየመም። 4 ኪሎዋቱንም አትመኑ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሩብ ያህሉ ጉልበት እዚያው ይቀራል። ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል፤ የካርቡራቶሩን ቤንዚን ትንሽ መቀነስ ነበረብን።

የቀረን ጭስ ማውጫው ነው። አንድ ቦታ ይተነፍሳል፤ ወለሉ ላይም ቀዳዳ አለ። የቤንዚን ጭስ ሽታው ባይሰማም ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ዘበኛችን ደግሞ ማታ ማታ እዚያ አልጋ ላይ መተኛት ለምዷል። እስኪበየድ ድረስ ከለከልነው። «ሶኬቱን ያገኘሁላችሁ እኔ፣ የምባረረው እኔ!» ብሎ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ።