ሰባቱ ሚሊሜትር

የጉበት ዕጢን በማይክሮዌቭ ሙቀት ለማቃጠል የሚረዳ የኮምፒውተር ሞዴል ስንሠራ የገጠመኝ ነገር፣ ዓመታት ቢያልፉትም ዛሬም ይቆረቁረኛል። በ2.45 ጊጋኸርዝና በ60 ዋት ለ10 ደቂቃ ያሞቅነው የበሬ ጉበት ሲሰነጠቅ በሙቀት ተቃጥሎ የነጣው ክፍል ስፋት 30 ሚሊሜትር ሆነ፤ ሞዴላችን የተነበየው ግን 37 ነበር። ከሥጋ ቤት በመጣ ጉበት ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር ሙቀት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ በሚያሰላው በፔንስ የ1948 ቀመር ያለውን የደም ፍሰት ዜሮ አድርገነዋል፤ ስለዚህ «ሙቀቱን ደም ወሰደው» ብለን ልናልፈው አንችልም።

የቡድናችን ኃላፊ «እስኪገጥም ድረስ የጉበቱን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ቀንሰው» አሉኝ። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስና ውሃው ሲተን ይህ ቁጥር በእርግጥም ስለሚወርድ ምክንያት አላጣሁም። ቀነስሁት፤ ትንበያው ወደ 30 ወርዶ ገጠመ፤ ይህን የሚያሳየው ሥዕልም በዚያው ሳምንት ለጉባኤ ተላከ።

ከቀናት በኋላ ናሙና የሚያሰናዱት አንጋፋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠሩኝ። ማይክሮዌቩን ወደ ጉበቱ ከሚያስገባው አንቴና ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዳቸውን በ10 ሚሊሜትር ርቀት፣ የተከሏቸውን ቀጫጭን የሙቀት መለኪያዎች አሳዩኝና «ስተክላቸው በመካከላቸው 20 ሚሊሜትር ነበር፤ አሁን 15 ነው። የነካቸው ሰው የለም» አሉ። ማስመሪያውን ተቀብዬ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ጉበቱ ተኮማትሮ ነበር። ሞዴሉ የሚናገረው ሳይሞቅ ስለነበረው ሥጋ ሲሆን፣ እኛ የለካነው ደርቆና ተሸብሽቦ የቀረውን ነው፤ የሙቀት ንባቦቻችንም ቢሆኑ እኛ ካሰብነው ቦታ የተወሰዱ አልነበሩም።

ሐኪሙ ከዕጢው ዙሪያ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ጤናማ ጉበት አብሮ እንዲቃጠል ያቅዳል። እኛ ያስገደድነው ሞዴል በየጎኑ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል አሳንሶ ስለሚነግረው፣ ዕጢው ከሐሞት ከረጢት አጠገብ ቢሆን ከታሰበው በላይ ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ለኃላፊው ሳስረዳ «ጉባኤ ላይ ስለ ሚሊሜትር የሚጠይቅ የለም» አሉኝ። ስለ በሽተኛው ግን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ናሙና የመለኪያዎች ርቀት ከመሞቁ በፊትና በኋላ መዘገብን፤ የአስተላላፊነቱንም ቁጥር ወደ ነበረበት መለስሁት። የተላከው ሥዕል እንዲነሳ ያቀረብሁት ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም፤ ስሜም እስካሁን ከሥሩ ሰፍሮ ይገኛል።