ጋዜጣን የሚያቆየው የኋላ ገጹ ነው

ጎንደር ላይ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለመጀመር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወረቀቱን ይመዝን። የገጹ መጠን 28 በ40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ባለ 16 ገጽ ጋዜጣ ለሁለት የታጠፉ 4 ሉሆች ማለት ነው። በካሬ ሜትር 48.8 ግራም በሚመዝን የጋዜጣ ወረቀት ሲሰላ አንዱ ቅጂ 44 ግራም ገደማ፣ 1,000 ቅጂ ደግሞ 44 ኪሎ ይመጣል። ማሽኑ ቀለም እስኪያስተካክል የሚበላሸው ለብቻው ነው። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ፣ የብር ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳቡ ከብዷል። ወደ 12 ገጽ መውረድ የወረቀቱን ሩብ ያተርፋል።

ያም ሆኖ ከሽያጭ ብቻ የሚኖር ጋዜጣ የለም። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ ሰው ጋዜጣ ተከራይቶ አንብቦ ይመልሳል፤ አንድ ቅጂ ብዙ እጅ ይዞራል፣ አሳታሚው የሚያገኘው የአንዱን ዋጋ ነው። ገንዘቡ ያለው የኋላ ገጹ ላይ በሚወጣው የጨረታ፣ የሐራጅ፣ የፍርድ ቤት ጥሪና የጠፋ ካርታ ማስታወቂያ ላይ ነው። የፍርድ ቤት ጥሪ የወጣበት ገጽ ከመዝገብ ጋር ስለሚያያዝ፣ ቅጂው ቢያንስም ኅትመቱን ጨርሶ መተው አይገባም።

ጨረታውን ግን ሌሎች ከጋዜጣ ለቅመው በቴሌግራም እየሸጡት ነው። ጋዜጣው ራሱ ይሽጠው እንጂ! አንድ ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የማዘጋጃ ቤቱን፣ የክፍለ ከተሞቹን፣ የዩኒቨርሲቲውንና የፍርድ ቤቱን ሰሌዳ ይዙር። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ገዢውን፣ የሚገዛውን ዕቃ ወይም ሥራ፣ የጨረታ ማስከበሪያውን (ተጫራቹ በዋስትና የሚያስይዘውን ገንዘብ)፣ ሰነዱ የሚሸጥበትን ቦታና ዋጋ፣ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግብ።

ስህተት የሚበዛው ቀኑ ላይ ነው። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ15 ተከታታይ ቀናት» እና «ለ15 የሥራ ቀናት» አንድ አይደሉም። የወጣበት ቀን ራሱ መቆጠር አለመቆጠሩም ያጨቃጭቃል። ስለዚህ ገዢው መሥሪያ ቤት ዘንድ ደውሎ አረጋግጦ «ማክሰኞ ኅዳር 9 ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ነው። በአንድ ቀን ስህተት አዘዞ ያለ ተቋራጭ ጨረታ ቢያመልጠው ዳግም አይከፍልም፤ እውነቱንም ነው።

ክፍያው በቴሌብር፣ በየስድስት ወሩ ይሁን። ቴሌግራም ላይ ማስተላለፍ ቢዘጋም ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ የሚልክ አይጠፋም። መከላከያው መለየት ነው፦ ለግንባታ ተቋራጩ የግንባታውን ብቻ፣ ለጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው የእሱን ብቻ፣ በማለዳ መላክ። የተለየለትና ቀድሞ የደረሰው ሰው ይከፍላል።

ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ የለም። መጠባበቂያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። በፊደላችን ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሁለት ያስከፍላል። «አስፋልት ጥገና፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ኅዳር 9 ጠዋት 4:00» ይበቃል።

ከገቢው ሲሶ በላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ከመጣ ዘጋቢው ስለዚያ ቤት መጻፍ ይፈራል፤ ለምሳሌ ውሃ ለምን ጠፋ የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ ከኪሳራ ይብሳል።

ብዙ ጋዜጣ የሚወድቀው ማስታወቂያ አጥቶ አይደለም፣ በዱቤ አውጥቶ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። የክፍያ መጠየቂያው ከነጋዜጣው ቅጂ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሒሳብ ክፍል ካልገባ ገንዘቡ ለከርሞ ይተላለፋል፤ ማተሚያ ቤቱ ግን እስከ ከርሞ አይጠብቅም።